አምስት ዓመት ያልተዳሰሰ እግር

ይሄነው አድማሱ ፈረስ ሲመረምር ባለቤቱን ቶሎ አይጠይቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኖ ሲሠራ ልማዱ ይኸው ነው። መጀመሪያ ወደ ፈረሱ ጎን ይጠጋና አንገቱን ይደባብሰዋል። ከዚያ መዳፉን ከትከሻው ጀምሮ ቀስ እያለ እስከ ኮቴው ያወርዳል። ከኮቴው ከፍ ብሎ፣ ከመጋጠሚያው ጎን ሁለት ጣቱን ያሳርፍና ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ይቆያል። እዚያ ቦታ ላይ የደም ትርታ አለ። ኮቴው የታመመ እንደሆነ ትርታው ይጠነክራል፤ ደህና ከሆነ ደግሞ ፈልገው ካላገኙት አይሰማም። ባለቤቱ ቸኩሎ «ዶክተር፣ ምን አገኘህ?» ቢለው «ቆይ እንጂ፣ መጀመሪያ እግሩ ይናገር» ይለዋል። የዘንገናና የአካባቢው ገበሬ ሁሉ ዶክተር ነው የሚለው። ዶክተር አለመሆኑን ደጋግሞ ነግሯቸው ሲሰለቸው ትቶታል።

የተወለደው አዲስ ቅዳም አጠገብ ካለች መንደር ነው። አፉን የፈታው በአዊኛ ሲሆን አማርኛን የለመደው ትምህርት ቤት ገብቶ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ወታደር ሆኖ በቅሎ የሚጭን ክፍል ውስጥ ተመደበ። ከዚያ ሁለት ነገር ይዞ ተመለሰ፤ አንዱ የእንስሳ ፍቅር ነው፣ ሁለተኛው ሲጋራ። የእንስሳ ፍቅሩ ሙያ ሆነለት። ሲጋራውን ደግሞ የቆሰበር ብርድ ነው እያለ ወደ አርባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አጨሰው። እንጅባራ የሚለውን ስም በደብዳቤ ላይ ካልሆነ አይጠቀምበትም፤ ለእሱ ከተማዋ ዛሬም ቆሰበር ናት። እዚያው ከሚስቱ ከደብሪቱ ጋር ይኖራል። ደብሪቱ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ጠባቂ ናት፤ ልጆቻቸው አድገው ወጥተዋል።

ሕመሙ የጀመረው ከአምስት ዓመት በፊት፣ ክረምቱ እንደወጣ ነው። የአባሰንጋ ክትባት ዘመቻ ነበር። ይሄነው የክትባቱን ሳጥን በትከሻው አንግቶ ከዘንገና ሐይቅ አፋፍ ወደ ላይኛው መንደር ሲወጣ የግራ እግሩ ባት ድንገት እንደ ገመድ ተጠመጠመ። ቆመ። ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ለቀቀው። እንደገና ሄደ። ያንኑ ያህል እንደሄደ እንደገና ያዘው፤ ሲቆምም እንደገና ለቀቀው። ያን ቀን ድካም ነው ብሎ አለፈው።

ድካም ግን ሲያርፉ ይጠፋል፤ ይኸኛው በማግስቱም፣ በወሩም እዚያው ነበር። ይሄነው ነገርን መመዝገብ የለመደ ሰው ስለሆነ እርምጃውን መቁጠር ጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት ሜዳ ላይ አራት መቶ እርምጃ ይሄድ ነበር። በሁለተኛው ሁለት መቶ ሃምሳ ሆነ። በአራተኛው ዓመት መቶ እርምጃ ሳይሞላ ባቱ ይጨመደድ ጀመር፤ ዳገት ከሆነ ደግሞ ሃምሳም አይደርስ።

ከሕመሙ የባሰበት ግን ሰው ፊት መቆሙ ነው። መንገድ ላይ ያለ ምክንያት ቀጥ ብሎ የሚቆም ሰው ምን ይባላል? ስለዚህ በቆመ ቁጥር ምክንያት ይፈጥር ጀመር። አንድ ጊዜ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ይፈታና ያስራል፤ አንድ ጊዜ ዝናብ እንደሚጠብቅ ሰው ሰማዩን ያያል። አንድ ጊዜ ደግሞ ስልኩን አውጥቶ «ሄሎ? ሄሎ? እሰማለሁ!» ይላል። አንድ ቀን እንዲህ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ እንደቆመ ከኋላው ሙሐባው ደረሰበት። ሙሐባው የላይኛው መንደር ገበሬ ነው፤ ሁለት ፈረሶች አሉት፣ ለይሄነውም የልብ ወዳጁ ነው።

«ዶክተር፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

«ከመሥሪያ ቤት።»

«እዚህ መታጠፊያ ጋ እኮ ኔትወርክ የለም።»

ይሄነው ስልኩን ኪሱ ከተተ። ሙሐባው ሳጥኑን ከትከሻው ወሰደና ቀድሞ ሄደ። ይህ ይሄነውን ከስድብ በላይ አቃጠለው።

ሕክምና አልሄደም እንዳይባል ሄዷል። ፋይሉን ደብሪቱ በፕላስቲክ ከረጢት አድርጋ አስቀምጣዋለች። መጀመሪያ የሄደበት ጤና ጣቢያ ያገኘው ባለሙያ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው «ዕድሜዎ ስንት ነው?» አለው። ሃምሳ ሁለት መሆኑን ሲነግረው «ሪህ ነው» ብሎ ማስታገሻ ጻፈለት። ሁለተኛው የግል ክሊኒክ ነው። እዚያ «ነርቭ ነው» ተባለና አሥር ቀን ሙሉ የቫይታሚን መርፌ ተወጋ። ሦስተኛው ቦታ ወገቡን ራጅ አስነሡት። «ዲስክዎ ትንሽ ተንሸራቷል፤ ከባድ ነገር አይሸከሙ» አሉት። ሳጥኑን ሳይሸከምም እንደሚያመው ነገራቸው። ሐኪሙ ቀጣዩን በሽተኛ ጠራ። ደብሪቱ በበኩሏ ወጌሻ ዘንድ ወሰደችው። ወጌሻው ባቱን በቅቤ ሲያሸው ከዋለ በኋላ «ደም ረግቶበታል» አለ። ከሁሉም ለእውነቱ የቀረበው እሱ ነበር፤ ግን ያን ጊዜ ማንም አላወቀም፣ ማሸቱም አልረዳውም።

በእነዚህ ሁሉ ዓመታት፣ በእነዚህ ሁሉ ወንበሮች ላይ ሲቀመጥ፣ ጫማህን አውልቅ ያለው አንድም ሰው የለም።

መሥሪያ ቤቱ ደግሞ በሌላ በኩል ያዘው። ሩቅ ያሉት ሁለት ቀበሌዎች ክትባት ዘገየብን ብለው አመለከቱ። እውነታቸውን ነበር። ይሄነው በአንድ ቀን የሚያዳርሰውን መንደር በሦስት ቀን ማዳረስ አቅቶት ነበር። ሞተር ብስክሌት ጠየቀ፤ አንዷ ተበላሽታለች፣ ሌላዋ ለኃላፊው ናት ተባለ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ውብአየሁ በዕድሜ የይሄነው ታናሽ ነው። ሥራ ይወዳል፤ ሰበብ ግን አይወድም።

ጥር ሃያ ሦስት ቀን የፈረሰኞቹ በዓል ሲከበር ሙሐባው አንዱን ፈረሱን ለይሄነው ሰጠው። ፈረሱ በጥለትና በጉትዬ ተሸልሟል። ይሄነው ኮርቻው ላይ ከወጣ በኋላ የሆነውን ነገር ለማመን ተቸገረ። እግሩ አላመመውም። አንድ ሰዓት ሙሉ ከሌሎቹ ጋር ሜዳውን ሲዞር፣ ሲጋልብም፣ ባቱ አንድ ጊዜ እንኳ አልያዘውም። ከአራት ዓመት ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም። ውብአየሁ ከእንግዶቹ ድንኳን ሥር ሆኖ ያየው ነበር።

በሳምንቱ መጀመሪያ ቢሮው አስጠራው።

«አቶ ይሄነው፣ የበዓሉ ዕለት በጣም አምሮብዎት ነበር።»

«አመሰግናለሁ።»

«አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ለፈረስ ሲሆን የሚሠራ እግር፣ ለክትባት ሲሆን እንዴት ነው የሚታመመው?»

ይሄነውን ያንገበገበው ይህ ነው፤ ጥያቄው ትክክል ነበር። እሱ ራሱ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠይቅ ያደረው ጥያቄ ነው። አንድ ፈረስ ሲሮጥ ደህና፣ ሲራመድ አንካሳ ቢሆንበት እሱም ባለቤቱን «አታታልለኝ» ይለው ነበር። ውብአየሁ የዘረጋለትን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ፈርሞ ተቀበለና ወጣ።

ቤት ገብቶ ደብሪቱን «እኔ አብጃለሁ እንዴ?» አላት።

«አላበድክም» አለችው። «ግን ሲጋራውን ብትተወው...»

«እግሬን ነው ያመመኝ ያልኩሽ! ሳንባዬን አይደለም!»

ሲጋራ ለኮሰና ወደ ደጅ ወጣ።

ነገሩ የተበላሸው በሰኔ ነው። አንዲት በቅሎ መርፌ ስትወጋ ደነገጠችና የግራ እግሩን ረገጠችው። ከአውራ ጣቱ ቀጥላ ያለችው ጣት ተላጠች። ለእንስሳ ሐኪም ይህ ምንም አይደለም፤ ሠላሳ ጊዜ ተረግጧል። አጠበው፣ አዮዲን ቀባው፣ ጫማውን አጠለቀ። በሳምንቱ አልደረቀም፤ በወሩም አልደረቀም። በሁለተኛው ወር የጣቲቱ ጫፍ እንደ ከሰል ጠቆረ። በዚያ ላይ ጋደም ሲል እግሩ ይቃጠልበት ጀመር። እግሩን ከአልጋው አውርዶ ሲያንጠለጥለው ብቻ ስለሚቀልለት፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ መተኛት ለመደ። ጤና ጣቢያ ሄዶ ቁስሉን አሳየ። ጠረጉለት፣ አሸጉለት፣ ፀረ ተሕዋስያን ሰጡት። የቆሰለችውን ጣት አዩዋት፤ እግሩን ግን አላዩትም።

ዳንግላ ያለችው ታናሽ እኅቱ ምህረቴ ስልክ ደውላ ሳቀችበት፤ መሳቋ ከጭንቀት ነበር። «የፈረስ እግር የምታድን ሰውዬ የራስህን ልታስቆርጥ ነው? ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ ና። እኛ ሰፈር ክሊኒክ ውስጥ አንዲት ጤና መኮንን አለች፤ ችኮላ አታውቅም።»

እሱ መሄድ አልፈለገም። አምስተኛ ሰው «ሪህ ነው» ሲለው ለመስማት ሚኒባስ መሳፈር ምን ያደርጋል? ደብሪቱ ግን የፕላስቲክ ከረጢቱን አንሥታ በሩ ላይ ቆመች። ሄዱ።

ጤና መኮንኗ ቤተል ትባላለች፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ይሄነው ገና ሳይቀመጥ ወረቀቶቹን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፈላት።

«ይኸው ሪህ፣ ይኸው ነርቭ፣ ይኸው ዲስክ። አንቺ ደግሞ የትኛውን ትመርጪያለሽ?»

ቤተል አልተቆጣችም። ወረቀቶቹን ሰብስባ ወደ ጎን አደረገቻቸው። «እነዚህን በኋላ አያቸዋለሁ። መጀመሪያ ጫማዎን ያውልቁልኝ። ሁለቱንም። ሱሪዎንም እስከ ጉልበትዎ ይሰብስቡት።»

ይሄነው ጎንበስ ብሎ ክሩን መፍታት ጀመረ።

ቤተል ሁለቱን እግሮች ጎን ለጎን አድርጋ አየቻቸው። ስታይም ያየችውን ጮክ ብላ ትናገር ነበር። የቀኙ እግር ቅልጥም ላይ ፀጉር አለ፤ የግራው ልሙጥ ነው፣ ያብረቀርቃል። የግራዎቹ ጥፍሮች ወፍረዋል። የግራው ባት ከቀኙ ቀጥኗል። የእጇን ጀርባ ከጉልበቱ ወደ ታች አንሸራተተችው፤ ቅልጥሙ መሐል ስትደርስ ቆመች። «ከዚህ ጀምሮ ቀዝቃዛ ነው።» ቁስሏን አየች፣ በጣቶቹ መካከል ፈለቀቀች፣ ተረከዙን ገለበጠች።

ከዚያ ትጠይቀው ጀመር። ስንት እርምጃ ሲሄዱ ነው የሚይዝዎ? ሲቆሙ በስንት ደቂቃ ይለቅዎታል? መቀመጥ ይኖርብዎታል ወይስ መቆም ብቻ ይበቃል? ይሄነው በአምስት ዓመት ውስጥ የቆጠረውን ሁሉ፣ ከአራት መቶ እስከ ሠላሳ፣ በየዓመቱ ዘረዘረላት። እስከዚያ ቀን ማንም ጠይቆት ስለማያውቅ ቁጥሩ ሁሉ ውስጡ ተከማችቶ ነበር። ስለ ፈረሱም ነገራት። «ኮርቻ ላይ ሆኜ ለምን አያመኝም? ይህን ንገሪኝ።»

«ኮርቻ ላይ ሲቀመጡ መንገዱን የሚሄደው ፈረሱ ነው፤ የእርስዎ ባት ብዙ አይሠራም። የማይለፋ ጡንቻ ብዙ ደም አይጠይቅም። ሲራመዱ ግን ይጠይቃል፤ የሚደርሰው ደም ደግሞ ትንሽ ነው። ሲቆሙ ጥያቄው ይቀንሳል፣ ሕመሙም ይለቅዎታል። ወገብ ቢሆን ኖሮ ቆመው ብቻ እንዲህ ቶሎ አይለቅዎትም ነበር፤ ቁጭ ወይም ጎንበስ ማለት ያስፈልግዎት ነበር።»

ይሄነው ደብሪቱን አያት። ይህን አንድ ሰው ቀደም ብሎ ቢነግረው ያን ደብዳቤ አይፈርምም ነበር።

ቤተል ጣቶቿን ብሽሽቱ ላይ፣ ከዚያ ቋንጃው ውስጥ፣ ከዚያ ከቁርጭምጭሚቱ ጀርባ፣ በመጨረሻም የእግሩ ጀርባ ላይ አሳረፈች። በቀኙ ሁሉም ቦታ ትርታ አገኘች፤ ደከም ያለ ነው እንጂ አለ። በግራው ብሽሽቱ ላይ አገኘች። ከዚያ በታች ግን ረጅም ጊዜ ፈልጋ ቀና አለች።

«ይቆዩኝ፣ ልድገመው» አለች።

«እኔ ልሞክር» አላት ይሄነው።

ጎንበስ አለ። እነዚያ ጣቶች የስንት ፈረስ፣ የስንት በቅሎ ትርታ ከኮቴ በላይ ፈልገው አግኝተዋል። የራሱ እግር ላይ ግን ከዚህ በፊት አላሳረፋቸውም። ለምን እንዳላሳረፋቸው ለራሱም አልገባውም። ከቁርጭምጭሚቱ ጀርባ አስቀመጣቸው፤ ጠበቀ። ወደ እግሩ ጀርባ አዛወራቸው፤ ጠበቀ። ዓይኑን ጨፈነ።

«ባዶ ነው» አለ።

ቤተል አልጋው ላይ አስተኝታ ሁለቱንም እግሮቹን ወደ ላይ ያዘችለት። ደቂቃ ሳይሞላ የግራው እግር መርገጫ እንደ ኖራ ነጣ። ቀና ብሎ እግሩን ከአልጋው እንዲያንጠለጥል ስታደርገው ለጥቂት ጊዜ እንደነጣ ቆየና እንደ ቀይ ሥር ጠቆር ብሎ ቀላ። «ደሙ ከፍታ መውጣት ያቅተዋል» አለች። «አሁን በቁጥር እንየው።»

ለዚህ የሚሆን መሣሪያ ክሊኒኩ አልነበረውም። ቤተል ወደ ወሊድ ክፍሉ ሄዳ አዋላጆቹ የጽንስ ልብ የሚያዳምጡበትን ትንሽ መሣሪያ ለምና አመጣች። «ለዚህ ተብሎ የተሠራ አይደለም» አለች። «ግን ካለመለካት ይሻላል።» የደም ግፊት መለኪያውን ጨርቅ ክንዱ ላይ አሰረች። መሣሪያውን ስታስጠጋ ሹ፣ ሹ፣ ሹ የሚል ድምፅ ክፍሉን ሞላው። መቶ ሃምሳ። ሌላውን ክንድ ደገመች፤ ያው ነው። የቀኙን ቁርጭምጭሚት ለካች፤ መቶ አሥር። ጨርቁን ወደ ግራው ስታዛውር በሩ ተከፈተ።

«ቤተል፣ መሣሪያዬን!» አለች አዋላጇ እቴናት። «ምጥ የያዛት መጥታለች።»

«ሦስት ደቂቃ ስጪኝ።»

«የሕፃኑን ልብ በሦስት ደቂቃ ምን ልበለው? ጠብቅ ልበለው?»

መሣሪያው ሄደ። ይሄነው ጫማውን እንዳወለቀ፣ ሱሪውን እንደሰበሰበ፣ ጨርቁ የግራ እግሩ ላይ እንደታሰረ ቀረ። ቤተል ግድግዳውን ተደግፋ ፊቷን በመዳፏ አሸች።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው» አለች። «የራሳችንን እንዲገዙልን ሦስት ጊዜ ጽፌያለሁ። ባለፈው ዓመት እንደ እርስዎ ያለ አንድ ሰው መጣ። እኔ ጋ የደረሰው ከጉልበቱ በታች ከጠቆረ በኋላ ነው። ያን ሰውዬ ቀደም ብሎ አንድ ሰው እግሩን ነክቶት ቢሆን ኖሮ...»

አንድ ሰዓት ከሩብ ጠበቁ። ከወዲያ ክፍል የሕፃን ለቅሶ ሲሰማ ደብሪቱ «እሰይ» አለች፤ ይሄነው ግን ልቡ ጨልሞ ነበር። መሣሪያው ሲመለስ ቤተል ግራውን ለካች። ድምፁ እንደ ክንዱ አልነበረም፤ ከሩቅ እንደሚመጣ ነፋስ ነው። ስልሳ ላይ ጠፋ።

ስልሳውን ለመቶ ሃምሳው አካፍላ ወረቀት ላይ ጻፈችለት። «ጤነኛ ሰው ላይ የቁርጭምጭሚቱ ግፊት ከክንዱ ጋር እኩል ነው ወይም ይበልጣል። የእርስዎ ግማሹን እንኳ አልሞላም። ጭንዎ ውስጥ ያለው፣ ደም የሚያወርደው ቧንቧ ጠብቧል፤ ምናልባትም ተዘግቷል። ቁስሉ ያልዳነው ለዚህ ነው። ሪህ አይደለም፣ ነርቭም አይደለም።» የጣቱን ደም ወስዳ ስኳሩን አየች፤ ደህና ነበር። «የሚያጨሱ ይመስለኛል።»

«ጀመርሽ አንቺም!» አለ ይሄነው። ድምፁ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ። «አምስት ዓመት! አምስት ዓመት ተንከራትቼ፣ ውሸታም ተብዬ፣ መጨረሻው ጥፋቱ የኔ ሊሆን ነው?»

«ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ ነው አላልኩም» አለች ቤተል፤ እሷም ድምፅዋ ጠንክሮ ነበር። «እኛም አጥፍተናል። ግን ዛሬ ካላቆሙ እኔም፣ ባሕር ዳር ያሉትም፣ የምናደርገው ሁሉ ከንቱ ነው። ይህን የምነግርዎ እግርዎ እንዲቆረጥ ስለማልፈልግ ነው።»

ይሄነው ከኪሱ የሲጋራውን ፓኮ አወጣና የቤተል ጠረጴዛ ላይ፣ ከወረቀቶቹ አጠገብ አስቀመጠው። ቃል አልገባም። ተነሥቶ ጫማውን ማጥለቅ ጀመረ።

ወደ ባሕር ዳር የሚወስደውን ደብዳቤ ጻፈችለት፤ «አስቸኳይ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። መንገዱ ግን ያን ሳምንት በጸጥታ ምክንያት ተዘጋ። መቼ ይከፈታል ሲባል ነገ፣ ነገ ሲደርስ ሌላ ነገ ሆነ። ይሄነው ምህረቴ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ አስቸኳይ የሚለውን ደብዳቤ እያየ ስድስት ቀን ቆየ። የእነዚያን ስድስት ቀናት ያህል ሲጋራ ተመኝቶ አያውቅም። ደብሪቱ ላይ ያለ ምክንያት ሁለት ጊዜ ጮኸባት፤ አንድ ጊዜ ደግሞ እንደ ልጅ አለቀሰ። በሰባተኛው ቀን መኪና ተገኘ።

ባሕር ዳር በአልትራሳውንድ አይተው ቧንቧው ከጉልበቱ በላይ መዘጋቱን አረጋገጡ። የጠቆረችውን ጣት ቆረጡ። ደም የሚያቀጥንና የደም ስብ የሚቀንስ መድኃኒት ጀመሩለት። ቧንቧውን ለመክፈት ግን አዲስ አበባ ነው፤ ቀጠሮው ከስምንት ወር በኋላ ተባለ። የተቆረጠው ቦታ እስኪደርቅ ድረስ ሁሉም ፈራ፤ አራት ወር ፈጀ፣ ግን ደረቀ። ቁስሉ ከዳነ በኋላ የታዘዘለት ነገር ሰውን ሁሉ አስገረመ። ሂድ ተባለ። እስኪያምህ ሂድ፣ ቁም፣ ሲለቅህ እንደገና ሂድ፤ በቀን ግማሽ ሰዓት። በተዘጋው ቧንቧ ዳርና ዳር ያሉት ትንንሾቹ የደም ሥሮች በዚህ ይሰፋሉ አሉት። ይሄነው ይህን ሲሰማ ተናደደ፤ ሲያፍርበት የኖረው ነገር መድኃኒቱ መሆኑ ነው። ቢሆንም ማለዳ ማለዳ ከደብሪቱ ጋር ይወጣል። አሁን ሲቆም ዝም ብሎ ይቆማል። ሰላም የሚለውን ሰላም ይላል፤ «ምነው ቆምክ?» ላለው «ደም እየጠበቅሁ ነው» ይለዋል።

የባሕር ዳሩን ወረቀት ይዞ መሥሪያ ቤት የገባ ዕለት ውብአየሁ ከዳር እስከ ዳር አነበበው። ሲጨርስ ቀና አለ።

«ይህን ቀድመው ቢያመጡልኝ ኖሮ እኮ ያ ደብዳቤ አይጻፍም ነበር።»

«ቀድሜ ባገኘው አመጣልህ ነበር» አለ ይሄነው።

ውብአየሁ ቅር ብሎት፣ ምናልባትም አፍሮ፣ ደብዳቤው ከማኅደሩ እንዲወጣ አዘዘ። ይሄነውን የክትባት መጋዘኑ ላይ መደበው። ሥራው ቁጭ ብሎ የማቀዝቀዣውን ሙቀት መመዝገብ ነው። ገበሬዎቹ የታመመ ፈረስ ይዘው እስከ መጋዘኑ በር ይመጣሉ፤ ይህ አይፈቀድም፣ ግን ማንም አይከለክላቸውም።

አንድ ነገር ግን ከሆዱ አልወጣም ነበር። ከባሕር ዳር ከተመለሰ ከዓመት በኋላ፣ በጥቅምት አንድ ቀን፣ መጀመሪያ ሪህ ወደተባለባት ጤና ጣቢያ ሄደ። ያን ሰውዬ ፊት ለፊት ሊያገኘው፣ የተቆረጠችዋን ጣት ቦታ ሊያሳየው ነው። የሚናገረውን በመንገዱ ሁሉ ሲያዘጋጅ ሄደ። በሩን ሲከፍት አንድ የማያውቀው ወጣት ተቀምጧል። ያኛው ከሦስት ዓመት በፊት ተዛውሯል፤ ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ወጣቱ በትሕትና «አባቴ፣ ምን ልርዳዎት? ካርድ አውጥተዋል?» አለው።

ወጣቱን ምን ይበለው? ምን አጠፋ?

«አላወጣሁም» አለና በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋ። ደጅ ባጃጅ ቆማ ነበር፤ አልተሳፈረም። ለአዲስ አበባው ቀጠሮ ገና ሦስት ወር ከአሥር ቀን ይቀረዋል፤ ሁለት ጊዜም ተራዝሟል። ይሄነው እየተነጫነጨ በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ፤ እስከ ቤቱ ድረስ አራት ጊዜ ቆመ።